ቁመቴ 1 ሜትር ከ52 ነው፤ ለእኔ የሚሆን ትንሽና ቀላል ማውንቴን ሳይክል እንዴት ልምረጥ?

ማሂ 4 ኪሎ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ሳይክል የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት ሐሳባችሁን ልስማ።

ቁመቴ 1 ሜትር ከ52፣ ክብደቴ 48 ኪሎ ነው። ቤቴ አራት ኪሎ፣ ሥራዬ ሜክሲኮ። የታክሲ ሰልፍ አንገሽግሾኛል። የኮሪደሩ የሳይክል መንገድ ከተሠራ ወዲህ ደግሞ ጠዋት ጠዋት እየነዱ የሚያልፉ ሰዎችን ሳይ እቀናለሁ። በሥራ ቀን ወደ ሥራ፣ እሁድ ከጓደኞቼ ጋር እንጦጦ መውጣት ነው ሐሳቤ። ማውንቴን የፈለግኩትም ለዚህ ነው፤ ጎማው ወፈር ያለ፣ ማርሹ ዳገት የሚችል እንዲሆን። ሌላው ነገር፣ የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። ታች አስሮ መተው ደግሞ አያስተማምንም። ስለዚህ በየቀኑ ተሸክሜው ነው የምወጣው።

ሰሞኑን ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። የገባሁበት ሁሉ የሚያወጣልኝ ባለ 29 ኢንች ጎማ ነው። አንዱ ባለሱቅ «ምንም ችግር የለውም፣ ኮርቻውን እስከ መጨረሻው እናወርድልሻለን» አለኝና አወረደው። እግሬ መሬት ነካ። ግን ስነዳው ጉልበቴ ሆዴ ድረስ ይመጣል፣ እጄ ተወጥሮ ነው መሪውን የያዝኩት፣ ጣቶቼ ደግሞ ፍሬኑ ጋ በደንብ አልደረሱም። ወርጄ ስቆም የፍሬሙ ላይኛ ብረት እግሬ መሃል ተቀርቅሮ ቀረ። ሌላኛው ሱቅ ቅርጫት ያለው ሮዝ ሳይክል አውጥቶ «የሴት ይኸውልሽ» አለኝ። ማርሽ የለውም። እንጦጦን በምን ልወጣው ነው?

24 ጎማ ያለውን የልጆቹን ልግዛ ወይስ 26? ቀላል የሚባለው ስንት ኪሎ ሲሆን ነው? ለሴት ተብሎ የተሠራ ማውንቴን የሚባለውስ እውነት ለውጥ አለው? አዲስ ይሻላል ወይስ ያገለገለ? የምታውቁትን ሁሉ ንገሩኝ።

ዳገት ወጪዋ፦

ማሂዬ፣ እኔ 1.55 ነኝ፣ ከፒያሳ ነው የምነሳው። የጻፍሽውን ሁሉ በደንብ አውቀዋለሁ።

በመጀመሪያ ያንን 29 ተዪው። ኮርቻ ስላወረዱት ሳይክል አያንስም። የሚለወጠው የኮርቻው ከፍታ ብቻ ነው። የፍሬሙ ርዝመት፣ የመሪው ርቀት፣ የላይኛው ብረት ከፍታ እንዳለ ነው። ኮርቻው ያለ ልክ ዝቅ ሲል ደግሞ ሁልጊዜ በታጠፈ ጉልበት ነው የምትገፊው፤ እንደዚያ ሆነሽ ማታ ማታ ከመስቀል አደባባይ በሒልተን በኩል ወደ አራት ኪሎ ብትወጪ ጉልበትሽ ብዙ ሳይቆይ ማመም ይጀምራል። እግር መሬት መንካቱን መለኪያ አታድርጊው። በትክክለኛው ከፍታ የተቀመጠ ሰው ኮርቻው ላይ ሆኖ መሬት የሚነካው በጣቶቹ ጫፍ ነው። ሲቆም ከኮርቻው ወደ ፊት ወርዶ ነው የሚቆመው። የላይኛው ብረት ዝቅ ማለት ያለበትም ያን ጊዜ እንዳይነካሽ ነው።

አሁን ቤት ሆነሽ ይህን ለኪ። ጫማሽን አውልቂና ጀርባሽን ግድግዳ ላይ ለጥፈሽ ቁሚ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ እግሮችሽ መሃል አስገቢና ኮርቻ ላይ የተቀመጥሽ እስኪመስልሽ ወደ ላይ ጫን አድርጊው። ከመጽሐፉ ላይኛ ጠርዝ እስከ ወለሉ ያለውን ሌላ ሰው ይለካልሽ። ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ሴቶች እዚህ ላይ በ4 ወይም በ5 ሳንቲ ሊለያዩ ይችላሉ፤ አንዷ እግረ ረጅም፣ ሌላዋ ወገበ ረጅም ትሆናለች። ስለዚህ ቁመትሽን ብቻ ይዘሽ ሱቅ አትሂጂ።

ያ ቁጥር ሁለት ነገር ይነግርሻል። አንደኛ፣ ጫማ አድርገሽ ፍሬሙን እግሮችሽ መሃል አስገብተሽ ስትቆሚ ከላይኛው ብረት እስከ አንቺ 5 ሳንቲ ያህል ክፍተት መኖር አለበት። ማውንቴን ስለሆነ ድንገት የምትወርጂው ጠጠርና ቁልቁለት ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ቁጥሩን በ0.883 አባዢው። የሚመጣው ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት መሃል ነጥብ እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት ነው። ለመነሻ ይሆንሻል፤ ከዚያ በግማሽ ሳንቲ ከፍ ዝቅ ማድረግ ያንቺ ምቾት ነው።

ሱቅ ስትገቢ «26 ነው» ካሉሽ የነገሩሽ የጎማውን ቁጥር ነው። የፍሬሙ ቁጥር ሌላ ነው። አንቺን የሚመለከተው የፍሬሙ ነው፤ 13 ወይም 14 ኢንች፣ በፊደል ከሆነ ኤክስኤስ። ባለሱቁ ካላወቀው ሜትር አውጪና ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት መሃል ነጥብ ኮርቻው የሚሰካበት ቱቦ አፍ ድረስ ለኪው። 33 እስከ 36 ሳንቲ ከሆነ ሊሆንሽ ይችላል። 43 ከሆነ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፊ።

የሴት ስለሚባለው፣ ለውጥ የሚያመጣው ቀለሙ አይደለም። ጃይንት የሚባለው የሳይክል አምራች ሊቭ በሚል ስም ለሴቶች ብቻ የሆኑ ሳይክሎች ይሠራል። ሌላው አምራች ትሬክ ደግሞ ማርሊን የሚባለውን ሳይክል ሲሠራ ትንንሾቹን ፍሬሞች በ27.5 ጎማ፣ ትልልቆቹን በ29 ያደርጋቸዋል፤ ጎማው ከፍሬሙ ጋር እንዲመጣጠን ነው። ትንሽ ፍሬም ላይ ትልቅ ጎማ ሲገባ የፊቱ ከፍ ይላል፣ አንዳንዱ ላይማ መሪውን ስታዞሪ የእግርሽ ጣት ከፊት ጎማው ጋር ይነካካል። ይህንን ሱቁ በር ላይ ቆመሽ ሞክሪው። ፔዳሉን ወደ ፊት አድርጊና መሪውን አዙሪ።

ናቲ ካዛንቺስ፦

እኔ 24 ነው የምለው። ታናሽ እህቴ ካንቺ ትንሽ ብቻ ነው የምታንሰው፤ 24 ጎማ፣ አሉሚኒየም፣ ሞላ የሌለው የልጆች ማውንቴን ነው የምትነዳው። 11 ኪሎ አይሞላም። በአንድ እጇ አንጠልጥላው ደረጃ ትወጣለች። የፔዳሉ ክንድ አጭር ነው፣ የፍሬኑ እጀታ ለትንሽ እጅ የተሠራ ነው፣ ጎማው ትንሽ ስለሆነ ዳገት ላይ ይቀልላል። 48 ኪሎ ደግሞ ለ24 ሳይክል ምንም ማለት አይደለም። ሰው የልጅ ነው እያለ ይሸሸዋል እንጂ ለአጭር ሰው ጥሩ ነገር ነው። ዋጋውም ይወርዳል።

ከቃሊቲ እንደተጫነ ብረት የሚከብደውን ባለ ሁለት ሞላ እንዳትገዢ ብቻ። ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለው ርካሽ ሳይክል ሲያዩት ያምራል። ሲያነሱት 17 እና 18 ኪሎ ነው። ያንቺን ክብደት ሲሶ አለፈ ማለት ነው፤ ያውም በየቀኑ ሦስት ፎቅ።

የሰፈሩ መካኒክ፦

ልጄ ማሂ፣ የተባለው ጥሩ ነው፤ እኔ ደግሞ ከመፍቻው በኩል ያለውን ልንገርሽ።

ስለ 24፣ ናቲ ልክ ነው፤ ግን ሁለት ነገር እዪ። የ24 ፍሬም የተሠራው ለሚያድግ ልጅ ነው። አንቺ ላይ ኮርቻው በጣም ከፍ ብሎ ይወጣል፣ መሪው ደግሞ ዝቅ ይልብሻል። ቁልቁለት ላይ ክብደትሽ ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል። ከእንጦጦ በሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ስትወርጂ ይህ ደስ አይልም። ሁለተኛው የጎማ ነገር ነው። 26 ጎማና የውስጥ ጎማ እኔ ዘንድ የማይጠፋ ዕቃ ነው። የ24 ጥሩ ጎማ ግን ፈልገሽ ነው የምታገኚው። በመጽሐፉ የለካሽው የእግርሽ ርዝመት ከ66 ሳንቲ በታች ከሆነ 24ን አስቢበት። ከዚያ በላይ ከሆነ ትንሽ ፍሬም ያለው 26 ይሻልሻል።

ስለ ክብደት። ሱቅ ስትሄጂ ትንሽ ማግኔት ይዘሽ ሂጂ። ፍሬሙ ላይ ጠጋ አድርጊው። ከያዘ ብረት ነው፣ ካልያዘ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ሁሉ አሉሚኒየም አይደለም። መሪውንም፣ የኮርቻውን ዘንግም፣ ቸርኬውንም ፈትሺ። ብረት ከአሉሚኒየም ሦስት እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ አሉሚኒየሙ ወፍራም ቱቦ ስለሚፈልግ ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ ባይታይም ስታነሺው ታውቂዋለሽ። የቤት ሚዛን ካለሽ ይዘሽ ሂጂ፤ ሳይክሉን ይዘሽ ተመዘኚና የራስሽን ቀንሺ። ለአንቺ ከ13 ኪሎ በላይ የሆነውን አልመክርም። 12 ካገኘሽ በጣም ጥሩ።

አሁን ማንም የማይነግርሽ ነገር የፊተኛው ሞላ ነው። በርካሽ ሳይክል ላይ ያለው የፊት አሞርዛተር ውስጡ የብረት ሞላ ነው፤ የተሠራውም ካንቺ በጣም ለሚከብድ ሰው ነው። አንቺ ስትቀመጪበት ንቅንቅ አይልም። ክብደቱ ግን 2 ኪሎ ተኩል ይደርሳል። ጥቅሙን ሳታገኚ ክብደቱን ትሸከሚያለሽ። በአየር የሚሠራው ሌላ ነገር ነው፤ እንደ ክብደትሽ ይነፋል፣ ዋጋው ግን ውድ ነው። አቅም ካልፈቀደ ሞላ የሌለው፣ ፊቱ ደረቅ የሆነ ሳይክል ያዢ። ባለ 26፣ ወርዱ 1.95 ኢንች የሆነ ጎማ ላይ ንፋሱን ቀነስ ካደረግሽ እንጦጦ ያለው ጠጠር አያስቸግርሽም። ጎሚስታው ዝም ካልሽው 60 ፒኤስአይ (የንፋስ መለኪያው ቁጥር) ይነፋልሻል። ለአንቺ ከ35 እስከ 40 በቂ ነው። ቫልቩ ደግሞ የመኪና ዓይነት መሆኑን እዪ። ቀጭኑን ቫልቭ ጎሚስታ ቤት አይነፉልሽም፣ የራስሽ ፓምፕ ያስፈልግሻል።

የፍሬኑ ነገር ቀላል ነው። አብዛኛው እጀታ ላይ ከውስጥ በኩል ትንሽ ብሎን አለች። እሷን ስታጠብቂ እጀታው ወደ መሪው ይቀርባል። ካቀረብሽው በኋላ ገመዱን አስተካክይ፤ በሙሉ ኃይልሽ ስትጨብጪ እጀታው መሪውን መንካት የለበትም። በአንድ ወይም በሁለት ጣት ሳይክሉን ማቆም ካልቻልሽ አልተስተካከለም።

የፔዳሉን ክንድም አንብቢ። ርዝመቱ ከውስጥ በኩል በሚሊሜትር ተጽፏል፣ 170 ወይም 175 ይላል። ለአንቺ 165 ወይም 160 ይሻላል። በ1 ሳንቲ ሲያጥር ኮርቻውን 1 ሳንቲ ከፍ ታደርጊያለሽ፤ ፔዳሉ ዞሮ ከላይ ሲደርስ ጉልበትሽ በ2 ሳንቲ ያነሰ ይታጠፋል። ጉልበቴ ሆዴ ድረስ መጣ ያልሽው በከፊል ከዚህም ሊሆን ይችላል።

ማሂ 4 ኪሎ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም! ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን ማስታወሻ ላይ ጽፌዋለሁ። እህቴ ለካችኝ፣ 69 ሳንቲ መጣ። በ0.883 ሳባዛው 61 ገደማ ነው።

አሁን ሁለት ላይ ቆሜያለሁ። የመጀመሪያው አዲስ ነው። 27.5 ጎማ፣ አሉሚኒየም፣ ፍሬሙ 15.5 ኢንች፣ ፊቱ ባለ ሞላ፣ ዲስክ ፍሬን። ስመዝነው 14.6 ኪሎ ሆነ። ጫማ አድርጌ ስቆም ላይኛው ብረት ሊነካኝ ምንም አልቀረውም። ሁለተኛው ያገለገለ ነው። 26 ጎማ፣ ፍሬሙ 14፣ ማግኔቱ ፍሬሙን አልያዘም፣ ፊቱ ደረቅ ነው፣ ፍሬኑ ቸርኬውን ከሁለት ጎን የሚጨብጠው ዓይነት። 12.1 ኪሎ። ስቆም 5 ሳንቲ አካባቢ ክፍተት አለው። ማርሹ ፊት ሦስት ኋላ ሰባት ነው፤ ፊት ትንሿ 24 ጥርስ፣ ኋላ ትልቁ 28። ክንዱ 170። መሪው ግን ትንሽ ይርቀኛል፣ ሰፊም ነው።

ልቤ ወደ አዲሱ ነው፣ ዲስክም አለው። ግን 14.6 ኪሎውን ደረጃ ላይ ሳስበው እፈራለሁ። ምን ትሉኛላችሁ?

ዳገት ወጪዋ፦

ያገለገለውን። ምንም አታመንቺ። ዲስኩ ክረምት ላይ ጥሩ ነው፤ ጭቃና ውሃ ሲሆን ቸርኬ ላይ ከሚይዘው ይሻላል። ግን ልክሽ ያልሆነ ፍሬም በዲስክ አይስተካከልም።

መሪው የራቀሽ ከሆነ ኮርቻውን ወደ ፊት በመግፋት አታስተካክዪው፤ ያ የጉልበትሽን ቦታ ያበላሻል። መሪውን ከፍሬሙ ጋር የሚያያይዘው አንገት አለ፣ ስቴም የሚሉት። አሁን ያለበት ምናልባት 9 ወይም 10 ሳንቲ ይሆናል። 6 ሳንቲ የሆነ አስገቢ። ስፋቱን ደግሞ መጀመሪያ ሳትቆርጪ ሞክሪ። መያዣ ጎማውንና የፍሬኑን እጀታ ወደ ውስጥ ግፊና ለተወሰነ ጊዜ ንጂው። ትከሻሽ ከተመቸው ከሁለቱም ጫፍ እኩል ይቆረጣል። እኔ 64 ሳንቲ ላይ ነው ያለሁት።

አሸካከሙን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ትንሽ ፍሬም ትከሻ አያስገባም። ብረቶቹ መሃል ያለው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ ወንዶቹ እንደሚያደርጉት ትከሻሽን ልታስገቢበት አትችዪም። የኮርቻውን አፍንጫ ትከሻሽ ላይ ከኋላ አንጠልጥዪውና በአንድ እጅሽ ታችኛውን ብረት ደግፊ። ካቴናው ያለበት ጎን ከአንቺ ራቅ ይበል፣ ልብስሽን ያቆሽሻል። ደረጃው ሲታጠፍ የፊት ጎማው ግድግዳ እንዳይመታ መሪውን ያዝ አድርጊው።

ናቲ ካዛንቺስ፦

69 ከሆነ እንግዲህ 26ቱ ይሁንልሽ። ግን ማርሹን ልብ በይ። 24 ሲካፈል ለ28 ማለት 0.86 ነው፤ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር የኋላው ጎማ ሙሉ ዙር አይደርስም ማለት ነው። ለሒልተን ዳገት ይበቃል። ለእንጦጦ ግን ከፍታው ከ3000 ሜትር በላይ ስለሆነ ትንፋሽም ያጥራል፣ ያለማጋነን ከዚህ የቀለለ ማርሽ ያስፈልግሻል። የኋላው ትልቁ 34 የሆነ ካገኘሽ 0.71 ይመጣል። ልዩነቱን እግርሽ ወዲያው ያውቀዋል።

የሰፈሩ መካኒክ፦

እኔም ያገለገለውን ነው የምልሽ። ግን ከመክፈልሽ በፊት ይህን ፈትሺ፣ ሻጩ ፊት።

ፍሬሙ ከመሪው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በጨርቅ ጥረጊና በስልክሽ መብራት እዪው። ብየዳው አጠገብ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ካየሽ ተዪው። አሉሚኒየም ከተሰነጠቀ በሰፈር በያጅ አይድንም። ቸርኬው ላይ ጥፍርሽን አስኪጂ። ፍሬኑ የሚይዝበት ጎን ወደ ውስጥ ጎድጎድ ካለ ተበልቷል፣ ቸርኬ ያስለውጥሻል። የፊት ጎማውን ይዘሽ ወደ ጎን ነቅንቂው፤ ከተንቀጫቀጨ ኩሽኔታው ማጥበቅ ወይም መለወጥ ይፈልጋል። ይህ ብዙ ወጪ አይደለም፣ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ይጠቅምሻል። ካቴናውን በማስመሪያ ለኪ። 24 ዘለበት 30.5 ሳንቲ መሆን አለበት። 30.8 ከደረሰ ካቴናው አልቋል፣ የኋላውን ማርሽም ይዞት ሄዷል። ያ ከሆነ ደግሞ እንዳትከፊ፣ እንዲያውም አጋጣሚው ነው። የኋላውን ማርሽ ናቲ ባለው ባለ 34 ትለውጪና ካቴናውን አብረሽ ትለውጪዋለሽ። አዲሱን ካቴና ትንሽ ማስረዘም ይኖርበታል፣ የኋላው ማርሽ ቀያሪም 34 የሚችል መሆኑን መካኒክሽ ይይልሽ።

ክንዱን አሁን አትንኪው። 170 ነው፣ ይነዳል። ጉልበትሽን ካመመሽ ያኔ 160 ትፈልጊያለሽ። መጀመሪያ ስቴሙን አሳጥሪ፣ ፍሬኑን አቅርቢ፣ ኮርቻውን 61 ላይ አድርጊ። አዲሱን ባለመግዛትሽ በተረፈው ገንዘብ ይህን ሁሉ ሠርተሽ ሔልሜትና ጥሩ ቁልፍ ትገዢበታለሽ።

ማሂ 4 ኪሎ፦

ጋሼ፣ ዛሬ ሄጄ እንዳሉኝ አየሁት። ስንጥቅ የለውም፣ ቸርኬው ደህና ነው። ካቴናው 30.9 መጣ። ለሻጩ አሳየሁትና ቀነሰልኝ፣ ወሰድኩት። ቅዳሜ ስቴሙንና የኋላውን ማርሽ አስለውጣለሁ። ደረጃውን በኮርቻው አፍንጫ ሞከርኩት፣ ሦስተኛ ፎቅ ሳላርፍ ወጣሁ።

ዳገት ወጪዋ፦

እሰይ! እኛ እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስድስት ኪሎ የካቲት 12 ሐውልቱ ጋ ነው የምንነሳው፣ ሴቶች እንበዛለን። በመጀመሪያው ቀን እስከ ሽሮ ሜዳ ብቻ እንወጣለን፣ ኮርቻሽን እዚያው እያየን እናስተካክለዋለን። ባለ 4 እና ባለ 5 ሚሊ የአለን መፍቻ (ጫፉ ስድስት ጎን የሆነውን) ይዘሽ ነይ።